አስናቀ የዋሸበት ጥያቄ

አስናቀ የተወለደው አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ባቡሩ እየተዳከመ ሲመጣ «ልጄ፣ ሐዲድ ከእንግዲህ እንጀራ አይሆንህም፤ አስፋልቱን ያዝ» አሉት። ያዘ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ወደብ በገላፊ ድንበር በኩል በተሳቢ ጭነት ሲያመላልስ ኖረ። ሚስቱ ኩኩ በዚያው መንገድ ላይ፣ ሎጊያ ከተማ፣ ለሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍታ ትሠራለች።

መጀመሪያ አንገቱን ዛል ያደርገው ነበር። ኋላ ሕመሙ ወደ ትከሻው ወርዶ ቀኝ እጁን ያደነዝዘው ጀመር። ስፖኪዮ ለማየት አንገቱ ስለማይዞርለት ከወገቡ ይዞራል። ይህን የምታውቀው ኩኩ ብቻ ነበረች። «ለባለመኪናው ንገረው» ስትለው «ነግሬው ምን ልንበላ ነው?» ይላታል።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሕመሙ ሲጠናበት ሐኪም ቤት ሄደ። የባለመኪናው ወኪል መለሰም ከሥራ መቅረቱን ሰምቶ «ልየው እስቲ» ብሎ አብሮት ገባ። የተቀበለቻቸው ሰዓዳ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የአንገት ሕመም ሰውን ከምን ከምን እንዳገደው የሚለካ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ መጠይቅ ይዛለች። ትርጉሙ የሚታመን መሆኑን ለማወቅ ሕመምተኛውን ዛሬ ትጠይቅና ከሳምንት በኋላ ትደግመዋለች፤ ሕመሙ ያው ከሆነ መልሱም ያው መሆን አለበት።

ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማንበብ፣ ዕቃ ስለ ማንሳት ጠየቀችው። እውነቱን ነገራት። «መኪና መንዳትስ?» ስትል መለሰ ከስልኩ ቀና አለ።

«እሱ እንኳ ምንም አያስቸግረኝም» አለ አስናቀ።

ሰዓዳ ቀና ብላ አየችው። «እጄ ይደነዝዛል ብለውኝ ነበርኮ፣ ጋሼ?»

«መሪ ስይዝ ይተወኛል።»

ዜሮ ጻፈች፤ ከመንዳት ምንም አያግደውም ማለት ነው።

በአምስተኛው ቀን ገላፊ፣ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ መኪናውን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። የዐሥራ አምስት ዓመት ወዳጁ ከድሩ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ በስተቀኝ ቆሞ «ና፣ ና» እያለ በእጁ ይመራዋል። አስናቀ ሊያየው ቢሞክር አንገቱ እንቢ አለው። «አቁም!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ተሳቢው የከድሩን እግር ከኋላው ከቆመ መኪና ጋር አጣብቆት ነበር። አስናቀ ወደታከመበት ሆስፒታል ቢያደርሱትም እግሩ አልተረፈም፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሰዓዳ ደወለችለት፤ ብቻውን ሄደ። ስለ መንዳት ስትጠይቀው «ፈጽሞ አልችልም» አላት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«በዚህ ሳምንት ሕመሙ ብሶብዎታል?»

«አልባሰም። ያው ነው።»

«ታዲያ መልስዎ ለምን ተለየ?»

«ያን ለታ ዋሽቼሽ ነው።»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሰዓዳ ወረቀቶቹን ገልብጣ አስቀመጠች። «ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ሳለ ልጠይቅዎ አይገባም ነበር» አለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወጥቶ ከድሩ ወደተኛበት ክፍል ሄደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ለመቀመጥ አልደፈረም።

«ከድሩ፣ አንገቴ አይዞርም ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት አልፎታል።»

«እያወቅክ ነው የነዳኸው?»

«እያወቅኩ ነው።»

ከድሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ሐስቡነላህ፤ አላህ ይበቃናል» አለ ቀስ ብሎ። «ሂድልኝ፣ አስናቀ።»

በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ለመለሰ አስረከበ። መለሰ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር አቀበለ። አስናቀና ኩኩ የምግብ ቤቱን ዕቃ ሸጠው አዋሽ ገቡ። ሐኪሙ ነርቩ ተጎድቶ ብዙ ስለቆየ የእጁ መዳን ያጠራጥራል አለው። አሁን የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ኩኩ ናት።

ለከድሩ በየወሩ ይደውላል። «ተወው፣ አታስቸግረው» ትለዋለች ኩኩ። እሱ ግን በግራ እጁ ቁጥሩን ፈልጎ ይደውላል። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።