የፈረምኩት ቃል

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የጫማ ክምር ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ድሮ መጋዘን በነበረ ግቢ፣ ሃያ ምናምን ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ፖሊሶች የያዙኝ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፕሮቲን አስተምሬ ስወጣ ነበር። ቃልህን ፈርም ሲሉኝ፣ ያልተናገርኩትን አልፈርምም ብዬ እዚያው ሰነበትኩ።

አጠገቤ የሚተኙት የቀጨኔ አዛውንት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው ተረኛው ፖሊስ ዘንድ ነው፤ በሰዓቱ ይጠራቸውና ይወጋሉ። አንድ ቀን ግን ተወግተውም ጥማቱ አልለቃቸው አለ። ለሽንት ሲመላለሱ እግራቸው ይተሳሰራል።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ ከዳኝ መሰለኝ» አሉኝ።

ደግፌያቸው ወደ ተረኛው ክፍል ሄድኩ። ብልቃጧ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት ፈሳሽ ውስጥ ነጫጭ ብናኝ ይንሳፈፋል። ዓመታት ያስተማርኩት ነገር እኮ ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ በልኩ ሲታጠፍ ብቻ ሥራውን የሚሠራ ረጅም ክር ነው። ሙቀት ከፈታታው እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም።

«ይሄ ተበላሽቷል» አልኩ።

«ዶክተር ነህ?» አለ ተረኛው።

«አይደለሁም። እንዴት እንደሚበላሽ ግን አስተምራለሁ።»

«ሆስፒታል አስልከህ ልታስመልጣቸው ነው አይደል? በቃ፣ ተበላሽቷል ብለህ ፈርም። ውሸት ከሆነ ትጠየቅበታለህ።»

ፈርቼ ነበር። ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

«ለራስህ እምቢ ያልከውን ፊርማ ለእኔ ሰጠህ?» አሉኝ ስንመለስ።

«ያኛው ውሸት ነው፣ አባባ።»

በዚያው ቀን ፖሊሶቹ አስደውለውላቸው፣ ሸክላ ሠሪ የሆነችው ልጃቸው አዲስ ብልቃጥና አንዲት ትንሽ ማሰሮ ይዛ መጣች። «እንዳታሟሿት» ብላ ከበሩ ላከችልን። ያልተሟሸ ሸክላ ውሃ ያሳልፋል፤ ውጭው ሲረጥብ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ተረኛው ፈቅዶልን ብልቃጧን ማሰሮዋ ውስጥ አኑረን፣ ከምንጠጣው እየቀነስን ስናረጥባት ከረምን። የሽማግሌው ጥማት በረደ። ሲፈቱ ማሰሮዋን ለእኔ ተዉልኝ።

እኔንም በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ባለቤቴ አሟሽቼ ሽሮ ልሥራባት ትላለች፤ እንዲሁ ትቀመጥ እላታለሁ። ዛሬም አስተምራለሁ። ትምህርቱ ሙቀት ጋ ሲደርስ ይደክመኛል፤ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። የዚያ ግቢ መዝገብ ውስጥ የኔ ቃል ካለ አንዲት መስመር ናት፦ መድኃኒቱ ተበላሽቷል።