በታዋቂ ጆርናል የመጣው ገብስ

«ጆርናሉ ከታወቀ ጽሑፉን ማንበብ ምን ያደርጋል?»

ይህን ያለው አምና በግብርና ጽሕፈት ቤታችን የዘር መረጣ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ባልደረባዬ ነው። እኛም ምክሩን ተቀበልን፤ አላነበብንም።

የቀረቡልን ሁለት ጥናቶች ነበሩ። አንዱ አዲሱን የገብስ ዘር እያወደሰ ስሙ የገነነ የውጭ ጆርናል ላይ ወጥቷል። ሌላውን የጻፈው ዘሩን እዚሁ መንዝ የሞከረ ተመራማሪ ነው። «ውርጭ አይችልም» ይላል። የወጣው ግን እዚሁ አገር በምትታተም ትንሽ ጆርናል ላይ ነው።

«የዚችን ጆርናል ስም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ ሰብሳቢው። ሳቅን። ሳይንሳዊ ክርክሩ በዚሁ ተጠናቀቀ፤ አዲሱ ዘርም ለገበሬው ታደለ።

ዛሬ ጠዋት ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የእማማ አስካለ ማሳ ላይ ቆሜ ነበር። ሰሞኑን ውርጭ ወርዷል። ዛላውን በመዳፋቸው አሽተው አሳዩኝ፤ ፍሬ የለውም፣ ገለባ ብቻ። የድሮውን ዘራቸውን በእኛው ምክር ፈጭተው በልተውታል። ለከርሞ የሚዘሩት የላቸውም።

«ለመሆኑ ብርድ አገር ሞክራችሁታል ልጄ?»

«ትልቅ ጆርናል ላይ የወጣ ነው እማማ።»

«እዚያስ ውርጭ ይወርዳል?»

ጫማዬን አየሁ፤ እሱም አልመለሰላቸውም።

እናንተም ስም ብቻ አይታችሁ ያጸደቃችሁት ነገር ካለ እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

ከማሳው ስመለስ ያንን የታወቀ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ዘሩ ውርጭ ባለበት ደጋ አልተሞከረም» ይላል።