አብሾ ነው ያልነው

ታናሽ ወንድሜ ከሞላሌ ማዶ ባለ ቅኔ ቤት ይማር ነበር። አንድ ቀን መምህሩ፣ የኔታ፣ በቅሎ ተውሰው እሱን አስከትለው ቤታችን መጡ። ወንድሜ ደጅ ቀረ።

"ልጁ ልክ አይደለም" አሉ የኔታ፣ ጠላውን ሳይቀምሱ። "ብቻውን ሆኖ ይከራከራል። ጓደኞቼ ከግድግዳው ጀርባ ይሰድቡኛል ይላል፤ እነሱ ግን ቆሎ ሊለምኑ ሄደዋል። እንጀራውንም አሽትቶ ይተወዋል። ጠበሉም አይቅር፤ አዲስ አበባ ግን ለዚህ የሚሆን ሐኪም ቤት አለ ይላሉ። ገና በእንጭጩ ሳለ ውሰዱት።"

ያን ጊዜ እህታችን ለቀየት አገር ሰዎች ታጭታ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ አስቀድሞ የሚያጣራው ዘር ነው። እብድ አለበት ከተባለ ቤት ልጅ የሚወስድ የለም።

"አብሾ አጠጥተውት ይሆናላ" አለ አባቴ።

አብሾ የቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ በስውር የሚጠጣው ነገር ነው። አንዳንዱን ያሳብደዋል ይባላል።

የኔታ ፈገግ አሉ። "አብሾ ባውቅማ መጀመሪያ ለራሴ በጠጣሁት፤ ዳዊቱ እንኳ እየጠፋብኝ ነው።"

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ ለአባቴ ጣመው። አብሾ ከውጭ የገባ ነገር ነው፤ ከዘር አይቆጠርም። "የጠየቃችሁ ሁሉ አብሾ ነው በሉ። ሲበርድለት ይተወዋል" አለን። እኔም ገበያ ላይ ይህንኑ አልኩ። ለቀየት ሽማግሎች ደግሞ ማልኩላቸው። ሠርጉ ሲደገስ ወንድሜን ጓሮ ካለችው ጎጆ ዘጋንበት። ከበሮው ጩኸቱን ሲሸፍነው እግዜር ይመስገን ብያለሁ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ።

የኔታ "አጠጪው" የሚል ስም ወጣላቸው። ወላጆችም ልጆቻቸውን ከሳቸው ዘንድ ያወጡ ጀመር።

በሦስተኛው ክረምት ወንድሜ ልብሱን ጥሎ ገደል አፋፍ ላይ ተገኘ። ያኔ አባቴ እሺ አለ። እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ አደረስኩት። ሐኪሙ መቼ እንደጀመረው ሲጠይቀኝ፣ እዚያም አፍሬ "ገና አሁን በፍልሰታ ነው የጀመረው" አልኩ።

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ "አይደለም፣ ጌታዬ" አለ። "እህቴ ሳትዳር ነው። የኔታ ነግረዋቸው ነበር። እኔ ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። "ያኔ ብታመጡት ይበልጥ ይሻለው ነበር። አሁንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ" አለኝ።

ስንመለስ ድምፆቹ ርቀውለት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንጀራ ግን ይበላል። ቅኔው አልተመለሰም። የኔታን ልሳለም ስላለኝ ይዤው ሄድኩ። የተማሪዎቹ ጎጆዎች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ጥቂት ተማሪ ብቻ ቀርቷቸዋል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"መድኃኒቱን ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ፣ የኔታ። እንቅልፍ ያበዛብኛል።"

"ተኛ እንጂ። እዚህ ቅኔ ሲዘረፍ የሚተኛው ስንቱ ነው።"

ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ።

"አንተም ግባ እንጂ ልጄ፤ ብርድ ነው" አሉኝ።

በቅሎዋን ላስር ብዬ ወጣሁ። የመጣነው በእግራችን ነበር።