ሰማያዊው በር ፊት ለፊት
ከከተማው ዳር ከባልባላ ሰፈር በተነሳው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ጫማዋ ደጋግሞ የተሰፋ፣ ሻርፗ ግን በጥንቃቄ የተተኮሰ ነበር። ጉልበቷ ላይ በዘረጋችው ደብተር በአማርኛ ፊደል «አንዮንግ ሃሴዮ» ተጽፏል።

«የምን ቋንቋ ነው?» አልኳት።

«የኮሪያ፣ ጋሼ። አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት፣ ሰላምታና ራሴን ማስተዋወቅ ከቻልኩ ሊቀጥሩኝ ነው። ያኔ በጀልባ ወደ የመን መሻገሩ ይቀርልኛል።»

«አይከብድም?»

«የከበደኝስ እዚህ አገር የሚነገረው ፈረንሳይኛው ነው። ይኼኛው ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

መሃል ከተማ አንድ ሰማያዊ በር ፊት ለፊት ወረደች። ሚኒባሱ ሰው እስኪጭን በመስኮት አየኋት። በሩን ለከፈቱት አሮጊት ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ስሟንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ እየሳቁ የወጥ ቤት ሽርጣቸውን ፈትተው ሰጧት። እሷም ሽርጡን ታጥቃ በሰማያዊው በር ገባች።