የወፍጮ ቤት ጆሮ

አውቶቡሱ በሩን ሊዘጋ ሲል ልጅ ያዘለች ሴት እየሮጠች ገባች። የሻርፗ ጫፍ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ በሩ ሊይዘው ነበር። በሩ አጠገብ የቆሙ ሽማግሌ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሷ አላወቀችም፤ እሳቸውም ምስጋና አልጠበቁም።

ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤቴ ጋሽ ወፍጮ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ስለሠሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው።

«የተንጠለጠለ ነገር አልወድም» አሉኝ አጠገቤ ሲቀመጡ። «የወፍጮ ቀበቶ የልብስ ጫፍ ከያዘ ባለቤቱንም አይለቅም።»

«እትዬ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው ስለ ባለቤታቸው።

ፊታቸው ጠቆር አለ። «ጆሮዋ እየከዳት ነው። ሸክላ ስናጫውት ‹እምም ይላል› ትለኛለች። እኔ ምንም አልሰማም። መዝሙሩም ደብዝዞባታል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላት እምቢ አለች። እሁድ ከመዘምራኑ ልትሰናበት ነው፤ ‹በማይለይ ጆሮዬ ሌላውን አላሳስትም› ብላ።»

ደነገጥኩ። እትዬ ለመዘምራኑ ድምፅ የሚያስይዙ፣ ስንቱን ልጅ ዜማ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

«ሬዲዮ ሲከፈትስ?»

«በሱ እንኳ አማርራ አታውቅም።»

ስለ ድምፅ ዕቃዎች ጥገና አንዳንድ አሮጌ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ሌላ መምህር አልነበረኝም። «ማጫወቻውን እስቲ ልየው» አልኩና ከአውቶቡሱ ስንወርድ ተከትያቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ። «አንተም ጆሮዬን ልታክም መጣህ?»

«የለም እትዬ፣ ማጫወቻውን።»

ሸክላ ሳላስቀምጥ አበራሁት። ከድምፅ ማጉያዎቹ የንብ ቀፎ የመሰለ እምም የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይሄ ነው የሚሉት?»

እትዬ ትክ ብለው አዩኝ። «ትሰማዋለህ?»

«ጥርት አድርጌ።»

ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ተመስገን» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን ነው የምትሰሙት?» አሉ ጋሽ ወፍጮ። «ዝም ብሏል እኮ!»

«ላንተማ ዝምታ ማለት ይሄው ነው! ወፍጮው ሲቆም አይደል እንቅልፍ እምቢ የሚልህ?»

መርፌው ጫፍ ላይ የጥጥ ፍሬ የሚያህል አቧራ ተጠቅልሎ ነበር። በለስላሳ ብሩሽ ሳነሳው የደበዘዘው መዝሙር ጠራ፤ እምም የሚለው ድምፅ ግን አልሄደም። ማጫወቻውን ድምፁን ከሚያጎላው አምፕሊፋየር አራቅኩት፤ ያው ነው። መርፌውን የያዘውን የብረት ክንድ በጣቴ ስነካው ቀነሰ። መጽሐፉ እንደሚለው ይህ እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያስቀረው የመሬት ሽቦ መጥፋቱን ያሳያል። ከሶኬት ነቅዬ አዞርኩት። ከጀርባው አንዲት ቀጭን ሽቦ ከሥሯ በመቀስ ተቆርጣለች፤ አምፕሊፋየሩ ላይ የምትታሰርበት ብሎን ባዶውን ቀርቷል።

«ይህቺን ማን ቆረጣት?»

ጋሽ ወፍጮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕቃ ስናዛውር ተንጠልጥላ አየኋት። ከምንም ጋር አልተያያዘችም።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ። «በቁሜ ልትቀብረኝ ነበር እኮ!» ሳቁ ግን አሸነፋቸው።

ቁራጭ ሽቦ ቀጥዬ ብሎኑ ላይ አሰርኩት። ሳበራው ቤቱ ጸጥ አለ። ሸክላው ሲዞር እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ከኋላ ያለችዋ ዘማሪ ትንሽ ከፍ ብላለች» አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ ሊመልሱት አጣጥፈው ከረጢት ውስጥ የከተቱትን የመዘምራን ልብስ አውጥተው በሩ ላይ ሰቀሉት። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር መሣሪያ ያደረገኝን አምላክ በልቤ አመሰገንኩ።

ጋሽ ወፍጮ እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። እዚያ እጅጌዬን ያዙኝ።

«እውነት ይጮህ ነበር?»

«ይጮህ ነበር፣ ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጸጥ ብሏል።»

ወደ ቤቱ ዞረው ጥቂት አዳመጡ። «ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቢያንስ ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። «እሷ ሳታውቅ የያዝኩላት የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ባክኖ ከሚቀር እኔ ልግባበት። አብረኸኝ ትሄዳለህ ወንድሜ? ሐኪሙ የሚለኝን ሳልሰማው ብመለስስ?»