የአልጋዬ ልክ

እናቴ ልትጠይቀኝ ልትመጣ ስለሆነ አልጋዬን ለእሷ ለቅቄ ለራሴ ሌላ ልሠራ አሰብኩ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ፍለጋም ከቢቸና ሞጣ ሄድኩ። አሮጌ እንጨት የሚሸጡ አንድ ሐጂ ግቢ ገብቼ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ለካሁ፤ ምስጥ እንዳይኖርበትም አንኳኳሁ። አብዛኛው ጠመም ይላል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ሰፊ ሳንቃ ግን ቀጥ ያለና የለሰለሰ ነበር። ሜትሬን ስላላመንኩት መሬት ላይ አጋድሜው፣ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁበት።

«ልኬ ነው፤ በስንት ይሰጡኛል?» አልኩ ዓይኔን እንደጨፈንኩ።

«ተነሥ ልጄ» አሉ ሐጂ። «እጀታው ሊጠገን ወልቆ ነው እንጂ ሬሳ የምንሸከምበት የእድራችን ቃሬዛ ነው። እስከ ዛሬ የተኛበት ሰው ዋጋ ጠይቆን አያውቅም።»