አባዬን አልለቅም ያለው ፍራሽ

እኔ ፍራሽና ሶፋ ሠሪ ነኝ። ቆቦ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ቤታችን ባሌ እንጨቱን ይቆርጣል፤ እኔ ስፖንጁን እቆርጣለሁ፣ ጨርቁን እሰፋለሁ። የአገሩን ወገብ የማሳርፈው እኔ፣ የገዛ አባቴ ግን እኔው የሠራሁት ፍራሽ ላይ ታሰረብኝ። ጉድ እኮ ነው!

አባዬን ከጎብዬ ገጠር ያመጣነው ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ነው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ሐኪሙም በምርኩዝ ይሂድ ብሎ ነበር። መሄዱንስ ይሄዳል። መነሳቱ ነው ጭንቁ። የስፖንጁ ፍራሽ መሀሉ ጎድጉዶ ይውጠዋል፤ በዚህ በቆላ ሙቀት ላብ በላብ ያደርገዋል፤ ሊነሳ ክንዱን ሲደገፍ ክንዱም አብሮ ይሰምጣል። ጎህ ሳይቀድ የሱብሂ አዛን ሲሰማ "ልጄ!" ይላል፤ እኔና ባሌ ዓይናችንን እያሻሸን በብብቱ ገብተን እናነሳዋለን።

አንድ ቀን ግን ሳይጣራ ቀረ። ስገባ ጋደም እንዳለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሰግዳል፤ እንባው በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እስኪጨርስ ጠብቄ "ለምን አልጠራኸኝም?" አልኩት።

"እስከ መቼ እንደ ሕፃን ታነሱኛላችሁ?"

"ሸኹም እኮ ተኝተህ ስገድ ብለውሃል፣ አባዬ።"

ተቆጣ። "እሱ ለማይችል ነው የተፈቀደው። እኔ እችላለሁ! ፍራሹ ነው አልለቅም ያለኝ።"

ወላሂ ደሜ ፈላ። በአባዬ አይደለም፣ በፍራሹ። የእጄ ሥራ እኮ ነው! እዚያው ቆሜ "ብቻህን ተነስተህ ትሰግዳለህ! ይሄን ካላደረግሁ ፍራሽ ሠሪ አትበሉኝ" ብዬ ፎከርኩ። ባሌ "ፎከረች ደግሞ!" ብሎ ሳቀ።

መላው ሞላ፣ ያ ተጭነው ሲለቁት የሚነጥረው የሽቦ ጥቅል፣ እንደሆነ አውቃለሁ። ስፖንጅ የተኛበትን ሰው ይቀበላል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም። አዲስ የሞላ ፍራሽ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ዋጃ ላይ አንድ ሆቴል ያረጁ ፍራሾቹን ጓሮ እንደጣለ ስሰማ በነጋታው ሄድኩ። ስፖንጃቸው ዱቄት ሆኗል፤ የአንደኛው ሞላ ግን ጤነኛ! ስጫነው ነጥሮ ሲመለስ እዚያው ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲያስረው ረዳቱ "እህቴ፣ ሙሽራው የት አለ?" ብሎ ቀለደብኝ። "ቆቦ ተኝቶ እየጠበቀኝ ነው" አልኩት።

ቤት አድርሰን ስንገልጠው ሞላዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ ዝጎ ብዙ ቦታ ተበጥሷል። ባሌ የእንጨት አቃፊ ሠራለት፤ እኔ ማሰሪያ ናይሎን ገመድ አወጣሁ። አባዬ ከተኛበት ሆኖ "ወዲያ በይው!" አለ። በጉልምስናው ጊዜ የጠፍር አልጋ ሠሪ ነበር፤ በአካባቢያችን እሱ ያልጠፈረው አልጋ የለም። "አልጋ በጠፍር ነው የሚታሰር። እርጥቡን ትወጥሪዋለሽ፤ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ እስከ ልጅ ልጅ አይላላም።"

ደስታውን ብታዩት! ከተሰበረ ወዲህ ዓይኑ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም። እምቢ ማለት አቃተኝ። ከገበያ ያልተለፋ የበሬ ቆዳ አመጣን። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቢላ ተለተለው፤ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍነው፤ ከዚያ "ሳቢ! አሁንም ሳቢ!" እያለኝ ሞላውን ሁሉ ከእንጨቱ ጋር ጠፈርነው። እንዲደርቅም ግቢ ውስጥ አሰጣነው።

የቆቦን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ባሌ "ኑማ እዩ!" ብሎ ጮኸ። ጠፍሩ ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ሞላዎቹን ወደ ታች ደፍጥጧቸዋል። ባሌ ወጣበት፤ ዘለለበት፤ ንቅንቅ የለም። "ይሄ እኮ አውድማ ነው" አለ። እኔ በሽቄ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አባዬን ደግፈን አወጣነው። በምርኩዙ ጫፍ ኳ ኳ አድርጎ መታውና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ደህና አድርጌ ጠፍሬያለሁ ማለት ነው! ቁረጪው ልጄ። ለካ ሞላ እንዳይነቃነቅ አይደለም የሚታሰረው።"

ቆርጠን ጣልነው። በናይሎን ገመድ፣ ሲጫኑት የሚወርድ፣ ሲለቁት የሚመለስ አድርገን እንደገና አሰርነው። ከላዩ ጆንያ ዘርግቼ በጆንያ መርፌ ሰፋሁትና አባዬን አስቀመጥነው። ገፋ ሲያደርገው እኮ ከመቀመጫው ብድግ አለ! ግን ወዲያው ፊቱ ተኮሳተረ። "ያነሳል፤ ግን ይወጋል። ዳሌዬ አይችለውም" አለ።

ያኔ ነው የበራልኝ። ሞላው ያነሳል ግን ይወጋል፤ ስፖንጁ አይወጋም ግን አያነሳም። ታዲያ ሁለቱን ምን አጣላቸው? ጆንያው ላይ ደረቅ ያለውን ስፖንጅ፣ ከእሱ በላይ ስስና ለስላሳውን አነጠፍኩ። አባዬ የሚነሳው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ጠርዙ ከድቶት እንዳይንሸራተት ዙሪያውን ከሁሉ በሚጠነክረው ስፖንጅ ከበብኩና በማስቲሽ ለጠፍኩት። ሠርግ የምደግስ ነው የምመስለው። ምሳ ብዪ ቢሉኝ ማን ሊሰማ! ጨርቁን አልብሼ ስጨርስ መሽቷል።

አባዬን አስተኛነው። "እህ? እንዴት ነው?" አልኩት።

"አሁን ምን ይታወቃል? ሲነጋ እናየዋለን" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አዛን ሲል ነቅቼ ጆሮዬን ቀሰርኩ። "ልጄ" የሚል የለም። ባሌ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ጠበቅን። እንደዚያን ቀን ተኝቶ እያለቀሰ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አላስቻለኝም፤ ሮጬ ገባሁ።

አልጋው ባዶ ነው። ፍራሹ ማንም ያልተኛበት ይመስል ደልደል ብሎ ተቀምጧል። አባዬ ምርኩዙን ይዞ ከጓሮ በር ሲገባ አየሁት፤ ውዱእ አድርጎ ጨርሷል፤ ከጢሙ ውኃ ይንጠባጠባል። እልልታዬን አቀለጥኩት! ባሌ ጋቢውን እየጎተተ መጣ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል "ምን ተገኘ? ማን ወለደ?" አለች።

"አባዬ ተነሳ! ብቻውን!"

እሷም ተቀብላ እልል አለች።

አባዬ ዞሮ ገላመጠኝ። "ዝም በይ እንጂ፣ ልሰግድ ነው!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሂዱ ተኙ። ከእንግዲህ ለእኔ ብላችሁ አትነሱ" አለን።

ማን ይተኛል! በሩ ጋ ቀረሁ። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ሁለት እጁን ወደ ጆሮው አነሳ፤ "አላሁ አክበር" አለ። ቆሞ ነበር።